ማሳያው ክፍል

የሰፈሩ ሰው «አፈ ማር» ይለዋል። የቤት ደላላ ከሆነ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እርጥበት የበላው ግድግዳ በእሱ አፍ «ቀዝቀዝ የሚል» ነው፤ መስኮት የሌለው ክፍል «አቧራ የማይገባበት»። ራሱ ግን ተከራይ ነው፤ ከዓይነ ስውር እናቱ ጋር በአንዲት ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ይዞ ይኖራል።

እናቱ ክፍሉን በእግራቸው ነው የሚያውቁት። ከአልጋ እስከ በር አምስት እርምጃ፣ ከበር እስከ ቧንቧ አስራ አንድ። ይህን እስኪለምዱ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ አንድ ክንዳቸውም ተሰብሯል። አሁን ያለ ሰው እርዳታ ውሃ ይቀዳሉ፣ ወለሉን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ይጠርጋሉ።

ዘንድሮ አዲሱ መንገድ ሲያልቅ የሰፈሩ ኪራይ እሳት ሆነ። እሳቱን ከሚያራግቡት አንዱ እሱ ነው። «እትዬ፣ በዚህ ዋጋ? ተበልተዋል እኮ!» ይላል በየደጁ። ዋጋው ሲጨምር የእሱም ድርሻ ይጨምራል።

አንድ ልማድ ነበረው። የሚያሳየው ቤት ተቆልፎ ካገኘው ደንበኞቹን ወደ ራሱ ክፍል ይወስዳል። «ልክ እንደዚህች ናት» ይላቸዋል። እናቱ ይስቃሉ፦ «ዛሬስ ለስንት ሰው ሸጥከኝ?»

አንድ ቅዳሜ አዲስ ተጋቢዎች አመጣ። ሚስትየው መስኮቱን ከፈተች፣ የተጠረገውን ወለል አየች።

«ያኛውን ተወው። እኔ ይቺን ነው የምፈልገው።»

«እህቴ፣ ይቺ እኮ ሰው አለባት» ብሎ ሳቀ።

«ያኛውም ሰው አለበት፤ ሰው ይወጣል ያልከን አንተ አይደለህ?»

ባልየው እጥፉን እንደሚከፍል ተናገረ። ባልቴቷ ቧንቧው ጋ ልብስ ያጥቡ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ባልቴቷ በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ። ተበልተዋል ያልከኝ አንተው ነህ።»

«እትዬ፣ ስለ እናቴ ብለው…»

«እኔስ የልጅ ልጅ አላሳድግም? እስከ ወር መጨረሻ ቆዩ።»

ሰፈሩን ዞረ። ያላየው ክፍል አልነበረም፤ ዋጋው በእሱ አፍ ያልተሰቀለም አልነበረም። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ከደጁ ሆኖ «የቆጡን አወርድ ብላ…» ብሎ ጀመረ፤ ፊቱን ሲያየው ግን ተወው።

በመጨረሻ ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ ሩቅ ቦታ፣ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አገኘ። ዕቃው ከገባ በኋላ እናቱን ደግፎ ደረጃውን አወጣቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እንዴት ያለች ናት?» አሉት።

«ጥሩ ናት፣ እማ። ቀዝቀዝ ትላለች። አቧራም አይገባባትም።»



«መስኮት የላትም ማለት ነው?»

«የላትም።»

«እርጥበቱስ?»

«አለ።»

«እሺ። በል እርምጃውን ቁጠርልኝ።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ። ከአልጋው እስከ በሩ ሦስት። ቧንቧው ምድር ላይ ነው። ደረጃውን እየቆጠረ ወረደ፤ አስራ ሰባት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ደረጃው ገና አላለቀም ነበር።

እናቱ ከላይ ተጣሩ፦ «ስንት ሆነ?»