ባለ መሪው ሪሞት

ስለ አንድ የመጫወቻ መኪና ሪሞት መጻፍ ተገቢ ነው ወይ ብዬ ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። ታሪኩ ውስጥ ያለው አንድ የፕላስቲክ ዕቃ፣ አንድ የተሳሳተ ምርጫና የአባቴ ግራ እጅ ብቻ ነው። ሌሎች የክፍል ጓደኞቼ ከዚህ የበለጠ የሚያወሩት አላቸው። እኔ የምጽፈው ምርጫው የእኔ ስለነበረ ነው፤ ደግሞም እስከ ዛሬ እንደዚያ ተጠንቅቄ የመረጥኩት ሌላ ነገር የለም።

የምንኖረው ዐረብ አገር፣ ማንጋፍ በሚባል ከተማ ነው፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። አባቴ የድርጅት አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጠዋት ጠዋት አርባ ያህል ሠራተኞች ከማንጋፍ ወደ አሕመዲ ይወስዳል፣ ከሥራ ሲወጡ ይመልሳቸዋል። እኔንና እናቴን ከኮምቦልቻ ያስመጣን ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ቤታችንም፣ ኢቃማችንም፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ማለቴ ነው፣ የተንጠለጠለው በእሱ ሥራ ላይ ነው። እሱ ከሥራ ከወጣ ሦስታችንም ሻንጣችንን እናነሳለን። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም፤ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ግን ያውቀዋል። ይህ ታሪክ ሲሆን እኔ የኤሌክትሪክ ምህንድስና አንደኛ ዓመት ገና መጀመሬ ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት አባቴን ከአውቶቡሱ ሲወርድ ደረጃው አዳለጠው። ላለመውደቅ በሩን ሲይዝ በሩ ተዘጋበት። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች፣ ጠቋሚውና መሀለኛው፣ ተሰበሩ። እጁ ስድስት ሳምንት ታሰረ። ሲፈታ አባቴ ድኗል አለን። ስንጠይቀው ጨብጦ ያሳየናል፤ በእርግጥም ይጨበጣል። የቀረው የድርጅቱ ክሊኒክ ሐኪም አይቶት ወደ ሥራው ይመለስ ብሎ እንዲፈርምለት ብቻ ነበር። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ሆነ።

አባቴ ቤት መዋል አያውቅበትም። ከሕንፃችን ጀርባ አሸዋማ ባዶ ቦታ አለ፤ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ የፊሊፒንስና የሕንድ ቴክኒሻኖች የሪሞት መኪና ይነዱበታል። መጀመሪያ በመስኮት ያያቸው ነበር፤ ቀጥሎ ወርዶ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መቆም ጀመረ። ከእነሱ አንዱ ከእኛ በታች የሚኖር ፊሊፒናዊ ነው። ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ዕቃውን እያከፋፈለ ስለነበር ከሦስቱ መኪናዎቹ አንዷን ለአባቴ ሰጠው። ሪሞቱን ግን ሊሰጠው አልቻለም፤ ያው አንድ ሪሞት ሦስቱንም በየተራ ይነዳል፣ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ይዞ ሊሄድ ነው። ሪሞት ከነሪሲቨሩ፣ መኪናዋ ውስጥ ተገጥሞ ትእዛዙን ከሚቀበለው ዕቃ ጋር ማለት ነው፣ እንዲገዛ መከረው፤ የአንዱ ፋብሪካ ሪሞት ከሌላው ሪሲቨር ጋር አይነጋገርም አለው።

አባቴ መኪናዋን በብብቱ ይዞ ወጣና ጠረጴዛዬ ላይ፣ የሒሳብ ደብተሬ ላይ አስቀመጣት።

"ኢንጂነሯ፣ ሥራ አምጥቼልሻለሁ" አለኝ።

የታዘዝኩትን አሳምሬ መሥራት እወዳለሁ። በተለይ አባቴ ካዘዘኝ። በዚያ ሳምንት ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ አራት ገጽ ሙሉ ማስታወሻ ጻፍኩ። ራት ላይ ለሁለቱም አስረዳኋቸው። ቻናል የሚባለው ሪሞቱ ለየብቻ የሚያዘው ነገር ቁጥር ነው፤ ለመኪና ሁለት ይበቃል፣ አንዱ መሪውን ያዞራል፣ ሌላው ነዳጅና ፍሬን ነው። አባቴ አልተዋጠለትም። ስድስት ቻናል ያለው እያለ ባለ ሁለቱን መግዛት ስስት መሰለው፤ አገር ቤት ቴሌቪዥኑ እንኳ ሁለት ቻናል ድሮ ቀርቷል አለ። እናቴ ደግሞ ሳህን እያነሳች፣ ሪሲቨርም ቻናልም ካለው ድራማዬን እሱ ላይ አያለሁ፣ ቴሌቪዥኑን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ አለች። ባለ ስድስቱ ለመጫወቻ አውሮፕላን እንደሆነ፣ የቀሩት አራቱ ሥራ ፈተው እንደሚቀመጡ ሦስት ጊዜ ያህል አስረዳሁ። በመጨረሻ አባቴ "ሥራ የሚፈታስ እኔ እበቃለሁ" ብሎ እሺ አለኝ።

ከባዱ ጥያቄ ቅርጹ ነበር። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሁለት አጫጭር ዘንጎች ያሉት ነው፤ በሁለት እጅ ተይዞ ዘንጎቹ በሁለቱ አውራ ጣቶች ይገፋሉ። ሁለተኛው እንደ ሽጉጥ በግራ እጅ ይያዛል። ጎኑ ላይ ትንሽ መሪ አለው፣ እሱን ቀኝ እጅ ያዞረዋል። ነዳጁ ደግሞ እንደ ሽጉጥ ምላጭ ነው፤ በግራ እጅ ጠቋሚ ጣት ሲሳብ መኪናዋ ትሄዳለች፣ ወደ ውጭ ሲገፋ ትቆማለች። ያነበብኩት ሁሉ ለጀማሪ ባለ መሪው ይሻላል ይላል። እኔም ሾፌር ለሆነ ሰው ከመሪ ሌላ ምን ይሰጠዋል ብዬ ደመደምኩ። ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሐሙስ ዕለት ሐወሊ ወዳለ አንድ ትንሽ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ሕንዳዊ ነበር፤ ከአባቴ ጋር በተሰባበረ ዐረብኛ ተግባቡ። ሁለቱንም ዓይነት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አባቴ ቀድሞ ያነሳው ባለ ዘንጉን ነበር። በሁለት አውራ ጣቱ ወዲያና ወዲህ አደረገው፤ ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። እኔ ግን ማስታወሻዬን ገለጥኩና ያ እንዳልሆነ ነገርኩት። ባለ መሪውን አንስቼ እጁ ላይ አደረግሁለት። ባለ ዘንጉን ባንኮኒው ላይ መለሰና "አንቺ ካልሽ እሱ ይሁን" አለኝ። ከዚያ ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ መኪናዋ ርቃ ሄዳ ሪሞቱ ባይደርስባት ምን ትሆናለች? ሻጩ ምልክቱ ሲቋረጥ በራሷ እንድትቆም ተደርጋ እንደምትስተካከል አስረዳው። አባቴ ጥሩ አሠራር ነው አለ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ማታውን ሪሲቨሩን መኪናዋ ውስጥ ገጥሜ በመመሪያው መሠረት ከሪሞቱ ጋር አጣመርኩት። መብራቱ መርገብገቡን ተወና ጸና። ዓርብ ከሰዓት ወረድን። እናቴ ሳትቀር በመስኮት ታይ ነበር።

አባቴ ምላጩን ሳበ፤ መኪናዋ አልተነቃነቀችም። ትንሽ ጨመረ፤ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥራ ሄዳ ከሜዳው የድንጋይ ጠርዝ ጋር ተላተመች። አንስቼ አመጣኋት። ሁለተኛው ሙከራ እንደዚያው ሆነ። ጥፋቱ የእኔ መሰለኝና ፍጥነቷ ከግማሽ እንዳያልፍ ሪሞቱን አስተካከልኩት። አሁን ደግሞ በግማሽ ፍጥነት ሄዳ ተላተመች። ቴክኒሻኖቹ መሣቅ ጀመሩ። አንዱ፣ ሠራተኞቹን ወደ አሕመዲ የምትወስዳቸው እንዲህ ነው እንዴ አለው። አባቴም፣ መኪናዋ ወደ እኔ ስትመጣ ግራና ቀኙ ይገለበጥብኛል ብሎ አብሮ ሣቀ። ይህ እውነት ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳተዋል። መኪናዋ ግን ገና ከእሱ እየራቀች በቀጥታ መስመር ላይ ነበረች።

ጎረቤታችን ፊሊፒናዊው ሪሞቱን ተቀበለው። መኪናዋን ቀስ ብሎ አስነሳት፣ ሁለት ጊዜ አዞራት፣ አምጥቶ እግሬ አጠገብ አቆማት። ሪሞቱ ደህና ነው ማለት ነው።

አባቴ እንደገና ያዘው። በዚህኛው ጊዜ መኪናዋን ትቼ እሱን አየሁ። ዓይኑ መኪናዋ ላይ አልነበረም። አንገቱን ደፍቶ የሚያየው ጠቋሚ ጣቱን ነበር፤ ምላጩን መሳብ አለመሳቡን በዓይኑ እየጠበቀ። ሃያ ዓመት መኪና ሲነዳ እጁን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ቤት ከገባን በኋላ ብዙ አሰብኩ። እንዳላስከፋው ነገሩን በሪሞቱ በኩል ጀመርኩት።

"አባዬ፣ ይሄን በባለ ዘንጉ እንቀይረው። ሻጩ በሳምንት ውስጥ እቀይራለሁ ብሏል።"

"ለምን? ምን ሆነ?"

"ጣትህ የሚሰማህ አልመሰለኝም።"

መኪናዋን ጭኑ ላይ አድርጎ ጎማዋን በቀኝ እጁ ሲያዞር ቆየ።

"ሪሲቨሩ ደህና ነው፤ ያልተጣመረው እጄ ነው" አለ። ሣቁ ግን አልመጣለትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" ሲለኝ እናቴ ከወጥ ቤት ሰማችው።

"እናቷ የእጅጌህን ቁልፍ ስትቆልፍልህ የከረመችው ለጌጥ መስሎህ ነው?"

የቀኝ እጅጌ የሚቆለፈው በግራ እጅ ነው። ከፋሻው መፈታት በኋላ እናቴ በየጠዋቱ ስትቆልፍለት አይቻለሁ፤ ፍቅር መስሎኝ አንድም ጊዜ አላሰብኩበትም። ብርጭቆም ሁለት ጊዜ ከእጁ ወድቆ ተሰብሯል። ጣቶቹ እንደሚታጠፉ፣ ግን ምን እንደነኩ እንደማያውቁ ያን ቀን ነገረን። ሐኪሙ ጨብጥ እንደሚለው፣ እንደሚጨብጥ፣ ሐኪሙም እንደሚፈርም አሰላስሎ ጨርሷል። ስሜቱ እየሠራሁ ይመለሳል አለ። ከዚያ እኔን አየኝ።

የሚፈልገው እሺ እንድለው ነበር። እኔም እሺ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ኢቃማው፣ ቤቱ፣ ገና የጀመርኩት ትምህርት ሁሉ በዚያች አንዲት ፊርማ ላይ ነበሩ። እሺ ማለት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የተካንኩበት ነገር ነው።

"አባዬ፣ መኪናዋን አላየሃትም" አልኩት። "ስትነዳት የምታየው ጣትህን ነበር።"

እናቴ እጇን እያደረቀች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባቴ ጎማዋን ማዞሩን ተወ።

"ያ ሕንዳዊ፣ ምልክቱ ሲቋረጥ ምን ትሆናለች ነበር ያለው?"

"ትቆማለች።"

"ትቁም እንግዲህ" አለና መኪናዋን መሬት ላይ አስቀመጣት።

እሑድ ወደ ክሊኒኩ ሪሞቱን በፌስታል ይዞ ሄደ። ለሐኪሙ ምላጩን እየሳበ አሳየው፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ሣቀ፣ ቀጥሎ ዓይኑን አስጨፍኖ ጣቶቹን በጥጥና በመርፌ እየነካ መረመረው። አውቶቡስ መንዳት የለበትም ብሎ ጻፈ።

የድርጅቱ መልስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እናቴ ሻንጣዎቹን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዳ አቧራቸውን ጠረገች፤ መልሳ ሰቀለቻቸው። እኔ ወደ ክፍል መሄዴን ቀጠልኩ፤ ግን ሰንብቶ የሚመጣ ፈተና ሲነገር ቀኑን ደብተሬ ላይ መጻፍ ያስፈራኝ ነበር። በመሀሉ ሪሞቱን በባለ ዘንጉ ቀየርነው። አውራ ጣቶቹ ደህና ስለነበሩ አባቴ በአንድ ዓርብ ለመደው። መኪናዋን እንደ ሌሎቹ አያስፈተልካትም፤ አርባ ሰው የተሳፈረባት ይመስል ቀስ አድርጎ ያስነሳታል፣ ቀስ አድርጎ ያቆማታል።

በመጨረሻ አሕመዲ ባለው የአውቶቡሶች ግቢ ሥራ ሰጡት፤ ጠዋት የትኛው አውቶቡስ ለየትኛው ሾፌር እንደሚወጣ ይደለድላል። ደመወዙ ቀንሷል። ቤቱ ግን አልተወሰደብንም፣ ኢቃማችንም ታደሰ፤ በእሱ ኢቃማ ላይ ሾፌር የሚለው ቃል ብቻ ተቀየረ። የአውቶቡሱን ቁልፍ በቦታው ለተተካው ሰው ሲሰጥ፣ ዝናብ ሲሆን ስትወርድ በሩን እንዳትይዝ ብሎ አስጠነቀቀው። ቁልፉን ያስረከበው ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን ነው።