የቀይዋ ሞተር ኳኳታ፦ ከአቃቂ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ

ከሳሪስ እስከ አቃቂ

እሑድ ማለዳ ከሳሪስ ስነሣ ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም። የምሄደው አቃቂ በሰቃ፣ እናቴ ቤት ነው። ቀይዋ የጣሊያን ሞተር ብስክሌቴ የምትቆመው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ዛሬ ከከተማ ወጥታ፣ ቢሾፍቱ ደርሳ፣ ሳትገፋ ከተመለሰች የእኔ ሆና ትቀራለች። ከተገፋች ግን ለአንድ ባለ ካፌ ትሸጣለች። ሰውዬው ሊነዳት አይደለም፤ ደንበኛ ፎቶ እንዲነሣባት በሩ አጠገብ ሊገትራት ነው። ይህን ውል ያስገባችኝ እናቴ ናት። «እንዲህ እያቃሰተች አንድ ቀን ትገድልሻለች» ትለኛለች።

ስሜ ትዕግስት ነው፤ እናቴ ይህን ስም በማውጣቷ እስከ ዛሬ ትጸጸታለች። ሥራዬ የመኪና ወንበር ማልበስ ነው፤ ስፌት ላይ ተቀምጬ እንኳ እግሬ አያርፍም። ታክሲው ቃሊቲ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ተቀርቅሮ ሲቆም «ወራጅ አለ! በእግሬ ይሻለኛል» አልኩ።

«እህቴ፣ አቃቂ እኮ ገና ነው፤ ቁጭ በይ» ብሎ ረዳቱ ሳቀብኝ። ቁጭ አልኩ፤ ምን ይደረጋል።

አቃቂ በሰቃ

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪና ላይ ነው የሠራችው። ለእሷ መኪና ከተንኳኳ ወይ ክር ሊበጥስ ነው፣ ወይ ሰው ሊጎዳ ነው። ቤቷ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ነገር አታገኙም። የስፌት መኪናዋ፣ የቁም ሣጥኑ ማጠፊያ፣ የግቢው የብረት በር ሳይቀር ዘይት ጠጥተው ዝም ብለዋል።

በዚህ ዝም ባለ ግቢ መሀል ነው እንግዲህ ቀይዋ የቆመችው። ሸራውን ስገልጠው ሁሌም እንደ አዲስ ልቤ ይመታል። ወገቧ ቀጭን ነው፤ የነዳጅ ቋቷ ጉልበት ገብቶ እንዲያርፍበት ተደርጎ ጎድጉዷል። አጥንቷ እንደ ድልድይ ብረት በሦስት ማዕዘን የተበየደ ቧንቧ ነው፤ ሠሪዎቿ አልሸፈኑትም፣ አላፈሩበትም። የኋላ ጎማዋ በአንድ በኩል ብቻ ተይዞ በሌላው በኩል ባዶ ነው። ወንበሯ ለአንድ ሰው ነው፤ ሰው አትደርብም። የነደፋት ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መቀመጥ የማይወድ ሰው መሆን አለበት።

እናቴን እንቅልፍ የነሣት ግን ፍሪሲዮኗ ነው። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያስተላልፉት ስስ ሳህኖች ናቸው። የብዙ ሞተሮች ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ተነክሮ በጸጥታ ይሠራል። የእሷ ግን ከውድድር ሜዳ የመጣ አሠራር ስለሆነ በደረቁ፣ አየር ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሯ ተነሥቶ ቆማ ሳለች ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ትንኳኳለች። ሠሪዎቹ በኋላ በኋላ አዳዲሶቹን ዘይት ውስጥ ከትተው ዝም አሰኟቸው፤ የድሮዎቹ ወዳጆች ግን ዛሬም ያንን ኳኳታ ይናፍቃሉ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሳስነሣት ኳኳታው የለም። ሞተሩ ይሠራል፣ ሳህኖቹ ግን ጭጭ።

«እሰይ! ዛሬስ አማረባት» አለች እናቴ ከበሩ ላይ ሆና።

ከፍቼ ማየት ነበረብኝ፤ መንገዱ ግን እየጠራኝ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው።

ቱሉ ዲምቱ

በከተማው ውስጥ ሞተር ለመንዳት የሚጠየቀው ልዩ ፈቃድ ስለሌለኝ ሁሌም እስከ ዳር ድረስ በመኪና ተጭና ነው የምትወጣው። ያን የመሰለ ፈጣን ፍጥረት በገመድ ታስሮ በጎረቤታችን በጋሽ ቶሎሳ አሮጌ አይሱዙ ላይ ሲንገጫገጭ ማየት ያሳፍራል። እናቴ ዳኛ ናትና ጋቢና ውስጥ መሀላችን ተቀመጠች።

«እትዬ አስካለ፣ እኔ ለልጅቷ ነው የምፈርደው» አላት ጋሽ ቶሎሳ።

«አንተ ንዳ!» አለችው።

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ አውርደን አስነሣኋት። እነሱ ከኋላ ተከተሉኝ። ገላን እስካልፍ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ዱከም መዳረሻ ላይ ግን ትንሽ ዳገት ገጠመኝና ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው ግን አልሰማውም። ደገምኩ፤ ጩኸት ብቻ። እየተንፏቀቀች ሄዳ ቀጥ አለች።

ወርጄ ጎኗን ሳይ ክው አልኩ። የፍሪሲዮኑ ክዳን አየር እንዲገባው ወንፊት ነው፤ በወንፊቱ ቀዳዳ ዘይት ይንጠባጠባል። አሸተትኩት፤ የስፌት መኪና ዘይት ነው።

አይሱዙዋ ደርሳ ቆመች። እናቴ ዘይቱን አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ትናንት ነው... ትንሽ አንጠባጠብኩላት» አለች። «ስታቃስት አላስቻለኝም፤ እንደሱ ሆና ይዛሽ ከምትሄድ ብዬ።»

ደሜ ፈላ። «ማን ንኪ አለሽ? እሷ እኮ በደረቅ ነው የምትሠራው፤ ዘይት ሲነካቸው ሳህኖቹ ይንሸራተታሉ! ገደልሽብኝ እኮ!» ብዬ መንገድ ዳር፣ ሰው እያየ ጮህኩባት።

«ትዕግስት፣ በእናት ላይ አይጮህም» አለ ጋሽ ቶሎሳ። እኔም አፈርኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። መሪዋን ይዤ መግፋት ጀመርኩ። ከባድ ነበረች። ትንሽ ቆይታ ቀለለችኝ፤ ዞር ስል እናቴ በሁለት እጇ ከኋላ እየገፋች ነው።

ዱከም

አንድ ጎሚስታ ጥላው ሥር አስጠጋን፤ ሳፋና ቤንዚንም ሰጠን። መፍቻዬን አውጥቼ ክዳኑን ፈታሁ። ሳህኖቹን ሳወጣቸው እናቴ ሳፋውን ሳበችና አንድ በአንድ ታጥባቸው ጀመር። የፋብሪካ እጅ ነው፤ ጠርዙን እየዳበሰች፣ በጨርቅ እየወለወለች፣ ፀሐይ ላይ ትደረድራለች። ሲጋራ ይዞ ሊያይ የቀረበውን መንገደኛ «ቤንዚን ነው፣ አንተ! ልትፈጀን ነው?» ብላ አባረረችው።

ገጥሜ አስነሣኋት። ካካካካ! ያ ኳኳታ ተመልሶ መጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠች። «ይሄ ነው ደህና የሚባለው?»

«ይሄ ነው።»

«እንዲህ እየጮኸች?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲህ ያንቺ ቢጤ ናት» አለች።

ክዳኑን አጥብቄ ስጨርስ የፈራሁትን ራሴ ተናገርኩት። «ተገፍታለች፤ ውላችን ውል ነው።»

እናቴ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ተቆጣች። «እኔ አጥፍቼ እሷ ትሸጥ? ለዚያ ባለ ካፌ ደውለሽ ሌላ ጌጥ ይፈልግ በዪው። አሁን ውጪልኝ፣ ሄደሽ ተመለሽ። እኛ እስከዚያ ጥብስ እንብላ።»

ቢሾፍቱ

ብቻዬን ሄድኩ። ሐይቁን ከላይ ቆሜ አየሁት፤ የሃያ ብር ሻዬንም ቆሜ ጠጣሁ። ሰው «ቁጭ በይ እንጂ» ይለኛል። የት ይቻለኛል! ተመልሼ ዱከም ስደርስ እናቴ ከሥጋ ቤቱ ወጥታ መንገዱ ዳር ቆማለች። «ገና ሳትታዪኝ ሰማኋት» አለችኝ።

እንደገና አቃቂ

ከቱሉ ዲምቱ ጭነን ግቢ ገባን። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴ ኳኳታውን የምትጠላው ይመስለኝ ነበር። ለካ በየእሑዱ ስወጣም ስመለስም ጆሮዋ እኔው ላይ ነበር። መንገድ የምወደውን ያህል የሚጠብቀኝን ጆሮ አስቤው አላውቅም ነበር።

ወደ ማደሪያዋ ላስገባት አስነሣኋት፤ ግቢው በኳኳታ ሞላ። አቁሜ አጠፋኋት።

እናቴ ከወጥ ቤት እየሮጠች ወጣች። «ምነው? ምን ሆነች? ዝም አለች እኮ!»

«አጠፋኋት እኮ፣ እማዬ።»

ደረቷን ይዛ ተነፈሰች። «ታዲያ ስታጠፊ ንገሪኝ እንጂ» አለችኝ።