በሎሚ ያጠብኩት አጋዘን

ረቡዕ ጠዋት ከድሬዳዋ በባቡር ተነሳሁ። እናቴ ናት የላከችኝ፤ «ሂጂና እህትሽን በዓይንሽ አይተሽ ነይ፤ ተጎድታ ከሆነ ይዘሻት ነይ» ብላ። ታናሽ እህቴ ፀሐይ ጅቡቲ በአንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ዘንድ በጽዳት ሠራተኝነት ከገባች አራት ዓመቷ ነው።

ድንበሩ ጋ፣ ደወሌ ላይ ፓስፖርት አሳየን። ከዚያ በኋላ ከጥቁር ድንጋይና ከግራር በቀር ለዓይን የሚሆን ነገር የለም። ኅዳር ነው ብዬ ሹራብ ደርቤ ነበር፤ ሞኝነቴ! ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ስወርድ በላብ ተጠመቅሁ። ባለታክሲው ሁለት ሺህ ፍራንክ ጠርቶ በሺህ አምስት መቶ ፀሐይ ያለችበት ሆዳን ሰፈር አደረሰኝ።

ፀሐይ አቅፋኝ አልለቅም አለች። ወፈር ብላለች፤ ደስ አለኝ። የቤቱ እመቤት፣ ፀሐይ «ማዳም» የምትላት፣ ከፀሐይ ጋር በክፍሏ እንዳድር ፈቅዳልኛለች።

ዓርብ ጠዋት

«ዛሬ ፈተና አለብኝ፣ እትዬ» አለችኝ። ጌታው አገሩ ሄዶ ያደነውን አጋዘን በበረዶ አሽጎ አምጥቷል፤ ለምሳ እንግዶች ይመጣሉ። ከተዋጣላት ከመጥረጊያ ተላቃ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ልትሆን ነው። ስንት ጊዜ የተሳለችበት ነገር ነው።

«በገና ጾም እንዴት ትቀምሺዋለሽ? ደግሞ በጥይት የሞተ እንጂ ተባርኮ የታረደ አይደለም።»

«ማን ይቀምሰዋል? በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ» አለችና ካሮት ልትገዛ ካርቲየ 7 ቢስ ገበያ ሄደች።

እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም። ድስቱን ስከፍት ሥጋው ጥቁር ቀይ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል፤ የዱር ጠረኑ ያጥወለውላል። «ውይ፣ ሳታጥበው ረስታው ነው!» ብዬ ውሃውን ደፋሁት። እንደ ዶሮ በሎሚና በጨው አሽቼ፣ ውሃው ኩልል እስኪል ሰባት ጊዜ አጠብኩት። ጎሽ ልባል ጠበቅሁ።

ፀሐይ ስትገባ ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። «እትዬ፣ ምን ጉድ ሠራሽ! በወይን ጠጅ ያሳደርኩት እኮ ነው! እነሱ የሚፈልጉት ያንን ጠረን ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ዝም በይ፣ ማን ያውቃል?» አልኳት። ጓዳ ገብታ የተረፈ ወይን አምጥታ ሥጋውን ጣደችው።

እንግዶቹስ በሉ። ጌታው ግን አንዴ ጎርሶ ሹካውን አስቀመጠ። ማዳም ወጥ ቤት ገብታ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ፀሐይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሟ» አለች።

ማዳም ስትወጣ «ምን አለችሽ?» አልኳት።

«አጋዘኑ የበሬ ሥጋ ሆኗል፣ ማነው ያበላሸው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት።»

«ለምን?»

«አንቺማ እንግዳዬ ነሽ።»

ምሳ አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ

ከመሄዴ በፊት ማዳምን በረንዳ ላይ አገኘኋት። ሎሚ ይዤ፣ ደረቴን እየደቃሁ «ሟ፣ ሟ!» አልኳት። ሌላ ፈረንሳይኛ የለኝም። ሎሚውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ወደ ቤት ገባች። ገብቷት ይሁን አይሁን ሳላውቅ ባቡር ላይ ወጣሁ።

ድሬዳዋ ስደርስ እናቴ ወዲያው «ተጎድታለች?» አለች። «ደህና ነበረች፤ የጎዳኋት እኔ ነኝ» ብዬ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። በሰው ወጥ ቤት ከእጄ አፌን አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ይህን ለመማር ድንበር መሻገር አስፈለገኝ።

በሳምንቱ ፀሐይ ደወለች። ማዳም የቀረውን አጋዘን ከማቀዝቀዣ አውጥታ፣ «አሁን ብቻሽን ሥሪው» ብላታለች። እልልታዬን አቀለጥኩት።

«ልምጣና ላግዝሽ?»

«በማርያም፣ እትዬ! በጸሎት ብቻ አግዢኝ።»