ዘጠነኛዋ ነጥብ

ወሬው የደረሰኝ ከቀትር በፊት፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ መስታወት ስወለውል ነው። አከራዬ ስልክ ደውለው፣ «ልጄ፣ ክፍልሽን እየበረበሩት ነው። ወደ ቦሌ ዝር እንዳትዪ» አሉኝ።

አስተማሪዬ የነበሩት፣ ኋላም ረዳታቸው የሆንኩላቸው ሰው፣ ጋሼ እላቸው ነበር፣ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው።

«አትሂጂ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምደብቀው የለኝም።»

«የማይደብቅ ነው ቶሎ የሚያዘው» ብለው ፈገግ አሉ። እኔ ግን ሄድኩ። እውነት የተናገረ አያፍርም ብዬ ነበር የማምነው።

ያሰሩኝ በአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው። ወለሉ የመኪና ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ነበር፤ ሽታው ነጠላዬ ላይ ቀረ። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የብረት በሩ ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ሴቶቹም ወሬያችንን አቋርጠን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ወንዶቹ ከጓሮ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሳሎኑ ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ካኪው ተተኩሷል። ጠረጴዛው ላይ ከክፍሌ ያገኙት አንድ ወረቀት ተዘርግቷል።

ሥራችን ይህ ነበር፦ ሁለት መስታወት ፊት ለፊት እናቆምና በመካከላቸው የሌዘር ብርሃን እናመላልሳለን። መስታወቶቹ በትክክል ሲተያዩ ብርሃኑ አንድ ክብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። አንደኛውን ጥቂት ሲያዘነብሉት ነጥቡ ይከፋፈላል፤ ሁለት ይሆናል፣ አራት ይሆናል፣ ዘጠኝም ይሆናል፤ በረድፍ በረድፍ። በነጥቦቹ መካከል ያለው ጨለማ እንኳ ሥርዓት አለው። ወረቀቱ ላይ ያለው የዚህ ሥዕል ነው።

«ስምንት ናችሁ» አለ መርማሪው። «ከላይ ሁለት፣ ከመሃል ሦስት፣ ከታች ሦስት። ማን ማን ናችሁ?»

«ብርሃን ነው» አልኩት።

«ብርሃን የማንኛው የኅቡዕ ስም ነው?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«ማነው የሳለው?»

«እኔ ነኝ።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ውሸት አልነበረም። ግን ግማሽ እውነት ኃጢአት መሰለኝና ጨመርኩ፤ «ከአስተማሪዬ ማስታወሻ ነው የገለበጥኩት።» ስማቸውን ጠየቀኝ። ነገርኩት።

ጋራዡ ስመለስ አጠገቤ የምትተኛ የወሎ ሴት፣ ባለ ሱቅ፣ ሳለቅስ አይታ ጠጋ አለች።

«በምንድን ነው የያዙሽ?»

«በነጥብ።»

«በነጥብ? እኔን ስኳር ደብቀሻል ብለው ነው፤ ስኳሩስ ነበር። ወይ ጉድ! የተማረ ሰው የሚታሰርበትም ነገር ቀጭን ነው!» ጋቢዋን አለበሰችኝ። ለመርማሪው ስም መስጠቴን ግን አልነገርኳትም።

በማግስቱ ጋሼን አመጧቸው። ሳሎኑ ውስጥ ፊት ለፊት አቆሙን። ጫማቸው ክር የለውም።

«ይሄ ያንተ ነው?»

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገለበጡት። «ተዘቅዝቆ ነበር፣ ጓድ» አሉ። ትንሽ አዩት። ከዚያ እስክሪብቶ ለመኑ። መርማሪው ስም ሊጽፉ መስሎት በደስታ ሰጣቸው። እሳቸው ከታችኛው ረድፍ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ አንዲት ነጥብ አኖሩ።

«አንድ ጎድሎ ነበር።» የተማሪ ወረቀት ሲያርሙ የሚናገሩበት ድምፅ ነው።

«ዘጠነኛው ማነው?»

«ማንም አይደለም። ዘጠኝ ካልሆነ ልክ አይመጣም።» ወደ እኔ ሳያዩ ቀጠሉ፤ «እሷ የገለበጠችው ሳይገባት ነው። ቢገባት መች ታጎድል ነበር? ሥራው የእኔ ነው። የማታውቀውን ምን ትጠይቋታላችሁ?»

ገብቶኝ ነበር። ከእኔ የበለጠ የገባው እንደሌለ ለባልደረቦቻቸው የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ነጥቧን ያጎደልኳት አንድ ማለዳ ለኪዳን ስቸኩል ነው። ያችኑ ስሕተቴን አንሥተው እኔን ማውጫ አደረጓት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተፈታሁ። እሳቸው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አየኋቸው የሚል ሰው አላገኘሁም።

አሁን ከአገሬ ርቄ፣ መነጽር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ስወለውል እጄ ከእኔ ቀድሞ ያስታውሳል። የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ አንቺ እኮ አልዋሸሽም» ይሉኛል። አዎ፣ አልዋሸሁም። የዋሹት ጋሼ ናቸው። በዚያ ሳሎን ከሁለታችን እግዚአብሔርን የፈራው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ግን ጸሎቴ ይቋረጥብኛል።

እናንተ በሰርቪስ ቤቱ የነበራችሁ፣ በሕይወት ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጋሼን የት እንደወሰዷቸው የምታውቁ ንገሩኝ። ስማቸውን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ያውቁ እንደነበረም ንገሩኝ። ስለ እኔ የተናገሩት ካለ፣ ክፉም ቢሆን፣ እንዳለ አድርሱኝ። ታዝናለች ብላችሁ ግማሹ ላይ አታቁሙ።