ሁሉም ባለ ሰባት ቀይ ልብ

ዳንግላ ውስጥ ከአንድ ጠጅ ቤት ሲያወጡኝ ፖሊሶቹ ምን እንዳልኩ አልጠየቁኝም። የሰማ ሰው አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ቃላድ የሚባለውን የመንግሥት የመሬት መለኪያ ገመድ በግጥም ነክቼ ነበር። ጠጪዎቹ ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት፤ ልሠልስ ስል ኮሌታዬ ተያዘ። ኪሴን ሲፈትሹ ሁለት እሽግ የመጫወቻ ካርታ አገኙ። አንደኛው ፖሊስ ፈገግ ብሎ መልሶ ሰጠኝ። "ያስፈልግሃል" አለ።

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ከቆርቆሮው ሥር ቀርከሃ ተረብርቧል፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገብስ ፍሬ ቀርቷል። ከእንጅባራ በላይ ካለ መንደር የመጡ ገበሬዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቃላዱን ቆርጣችኋል ተብለው ነው የታሰሩት። የትኛው እንደቆረጠ አንዳቸውም አልተናገሩም። እርስ በርስ የሚያወሩት በአገውኛ ነው። የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ እሰማለሁ፤ ስናገረው ግን ይስቁብኛል። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ እየሳሉ የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉብኝና "ልጄ፣ ይህ ኮትህ ለዳንግላ ጠጅ ቤት ነው እንጂ ለዚህ ቤት አይሆንም" አሉኝ።

ካርታዎቹን የገዛሁት ባሕር ዳር፣ አንድ የመናዊ ሱቅ ውስጥ ነው። ገበያ ላይ ግጥሜን የሚሰማ ሰው የሚሰበስብልኝ ነገር ፈልጌ ነበር። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት አወጣልኝ። አንዱ ከጀርባው አበባ መካከል ስውር ምልክት አለው፤ እሱ ምልክቱን የሚያነብ የሠላ ዓይን ይፈልጋል። በሌላው ውስጥ አንዳንዶቹ ካርታዎች በጥፍር ውፍረት ያጠሩ ናቸው፤ እሱ የሠለጠነ ጣት ይፈልጋል። በሦስተኛው ውስጥ ያለው ካርታ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ባለ ሰባት ቀይ ልብ። ምንም አይፈልግም። ችኩል ነኝና እሱን መረጥኩ። ለሚጠራጠር ሰው የማሳየው፣ ጀርባው ተመሳሳይ የሆነ ደህና ካርታም ጨመርኩ። ባለሱቁ ሲጠቀልልልኝ "ይሄ አይስትም። ለአንድ ሰው ግን ሁለቴ አታሳይ" አለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ትንሽ እንሣቅ ብዬ አወጣሁት። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩና አጥፌ ለሽማግሌው አስያዝኳቸው። ከዚያ ካርታውን በጀርባው ዘረጋሁና አንድ እንዲስቡ ለመንኳቸው። ሳቡ። ከገበሬዎቹ መካከል ድቁና የተማረ ጎልማሳ ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊደሉን እየቆጠረ አነበበው። ባለ ሰባት ቀይ ልብ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

የዚያን ዕለት ቆሎ ሲከፋፈል በመጀመሪያ የተሰጠው ለእኔ ነው፤ ያውም በሁለት እጅ። ሽማግሌው "ይብሉ" አሉኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው። አፈርኩ፤ ቆሎውን ግን በላሁት። ጨዋታ ነው ብዬ ልናገር አሰብኩ። ከሀፍረቱ ሥር ትንሽ ደስታም ስለነበረች ዝም አልኩ።

ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ አይቶ ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት መቶ አለቃው ራሳቸው መጡ።

"ያልተሳበ ካርታ ታውቃለህ አሉኝ።"

"ጨዋታ ነው፣ ጌታዬ።"

"ሌባሻይም ላልገባው ሰው ጨዋታ ይመስል ነበር" አሉ።

ሌባሻይ በአያቶቻችን ዘመን ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ በመንደሩ ውስጥ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ከተከለከለ ቆይቷል፤ ከሰው ልብ ግን አልወጣም። መቶ አለቃው ከሰዓት ተመልሰው እንደሚመጡ፣ እያንዳንዱ እስረኛ በፊታቸው አንድ ካርታ እንደሚስብ ነገሩን። ጥቁር የወጣበት እሱ ቆራጩ ነው። "እሱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አንተ ወደ ቤትህ" አሉኝ።

በሩ ሲዘጋ ሁለቱንም ካርታ በእጄ ያዝኩ። በደህናው ውስጥ ጥቁር ሞልቷል። ወደ ቤቴ የሚወስደኝ እሱ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ሰው ተነሥቶ ወደ ማዶው ግድግዳ ሄደ። ድቁና የተማረው ጎልማሳ ሽማግሌውን በአገውኛ ዘበኛውን ልጥራ ሲላቸው ሰማሁት። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት ብዬ ልጨርሰው" አለ።

"አንተ ነህ እንዴ?" አሉት።

"አይደለሁም። ግን ጥቁሩ እርስዎ ላይ ከወጣ፣ በዚህ ሳልዎ ማርቆስ አይደርሱም።"

ሄዶ በሩን ሊመታ እጁን አነሣ። አንድ ዓይነቱን ካርታ በሽማግሌው ጋቢ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ዘረገፍኩት። ሰባት ቀይ ልብ፣ በሰባት ቀይ ልብ ላይ። ጎልማሳው እጁን አወረደ። በዚያች በተሰባበረች አገውኛዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ በአነጋገሬ ያልሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ካርታዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ ቆዩ። "ታዲያ" አሉ በመጨረሻ፣ "ያንን ሁሉ ቆሎ የበላኸው በዚህ ነው?"

ደህናውን ካርታ ይዤ ወደ ጥግ ሄድኩና የሽንት ባልዲው ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃው መጡ። ገበሬዎቹ በየተራ ሳቡ፤ ሁሉም ቀይ። እያንዳንዱ ያማትባል፤ ጎልማሳው እንዲያውም ሁለቴ አማተበ። መቶ አለቃው ትዕግሥታቸው አልቆ አንድ ካርታ ራሳቸው ሳቡ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው አዩት።

"እርስዎም አልቆረጡም፣ ጌታዬ" አሉ በአማርኛ።

ዘበኞቹ ግድግዳ ግድግዳውን አዩ። መቶ አለቃው ካርታውን ከእጄ ነጥቀው ገለበጡት፤ ወለሉ ቀይ በቀይ ሆነ።

"ሌላኛውስ? ሁለት ነው ያለህ ተብያለሁ።"

"ባልዲው ውስጥ ነው፣ ጌታዬ።"

ባልዲውን አዩ። ዘበኞቹን አዩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በጥፊ መቱኝና ወጡ፤ ወደ ቤቴ ስለ መሄዴም ዳግመኛ አልተነሣም።

ገበሬዎቹ ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ቃላዱን ማን እንደቆረጠው እስካሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። ስለዚያ ክፍል ግጥም ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። በግጥሙ ውስጥ ካርታውን ወዲያው እገለብጠዋለሁ፤ ከዚያ ቆሎው ትዝ ይለኝና ወረቀቱን እቀድደዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን እንጅባራ ገበያ ሽማግሌውን አገኘኋቸው። ፈረሳቸውን አስረው ከሰዎች ጋር ተቀምጠዋል። "ና፣ አስማተኛ" ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አወጡ። ለጎረቤታቸው ሰጡ፣ ራሳቸው በሉ፣ ወሬያቸውንም ጨረሱ። ከዚያ ከጨርቁ ሥር የቀረውን በአንድ እጃቸው ዘግነው ሰጡኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩ።