አባባ የተረጎሙልን ፊልም

«አንቺ ድሮም ሳቅ አይገባሽም» አለኝ ወንድሜ ጌትነት፣ በልጆቹ መሐል ተጋድሞ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። ከምሠራበት ከሸሕዲ ከተማ እሱ እስካለበት ሽንፋ ድረስ በጭነት መኪና እየተንገጫገጭኩ የመጣሁት ግን ለሳቅ አልነበረም፤ ልጆች ሳለን እርሻችን ላይ የቆመውን ሰሊጥ የጣለው ይታየው የሚባለው ሰው ሳይሆን እሱ ራሱ መሆኑን በአባታችን በአባባ ፊት እንዲናገር ነበር። ይታየው በየዓመቱ ለአጨዳ ከጎጃም የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። በዚያው ሳምንት ሸሕዲ፣ ሠራተኛ የሚቀጠርበት አደባባይ ላይ አይቼዋለሁ፣ መንጋጋው እንደተጣመመ ቀርቷል፤ ደላላው ሰው እየመረጠ ሲመጣ እሱ ጋ ደረሰና «ይሄ ያ ሰሊጥ ደፊው አይደል?» ብሎ ዘለለው። ያንን ስም ያወጡለት አባባ ናቸው፣ እስከ ዛሬም ለመጣ ለሄደው ያወሩታል።

ነገሬን ልጀምር ስል ከቴሌቪዥኑ የቀበሮዎቹ ሳቅ ተነሣ፣ ያ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ክክክ የሚል ሳቅ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ያው የልጅነታችን ፊልም ነበር።

አባባ ቴሌቪዥኑንና የሲዲ ማጫወቻውን ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ያመጡት በአንድ ክረምት ነበር፣ ዋልካው፣ ያ ጥቁር አፈር፣ ጎማ ውጦ መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ሰሞን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሰፈር ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ ጆንያ ላይ ይደረደር ነበር፣ ጄነሬተሩ ጓሮ ሆኖ ያጓራ ነበር፣ እኛም ያንኑ የካርቱን ፊልም ሲዲው እስኪጫጫር ድረስ ደጋግመን እናይ ነበር። ሁለት ቀበሮ ወንድማማቾች አንድ መንደር ይገባሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ያጠፉትን ሁሉ አንድ አህያ ላይ ያላክካሉ፤ መንደሩም አህያውን በአካፋ ይለዋል፣ ጉድጓድ ይከተዋል፣ ጥርሱ እንደ በቆሎ ይረግፋል። መጨረሻ ላይ አህያው ቀበሮዎቹን አቅፎ ይጨፍራል። ፊልሙ በአረብኛ ስለሆነ የሚተረጉሙልን ከሱዳኖች ጋር የሚነግዱት አባባ ነበሩ። አህያው አፉን በከፈተ ቁጥር ድምፃቸውን አቅጥነው «ጥፋቴ ነው ጌቶቼ፣ ድገሙኝ!» ይሉልን ነበር፣ እኛም አንዳችን አንዳችን ላይ ወድቀን እንስቅ ነበር። እናታችን ከጓዳ ሆና «ይሄ ነገር ዱላ ያስተምራል፣ ተዉ» ስትል «ዝም በይ፣ እንስሳ እኮ ነው!» ይሏት ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ጌትነት ሁልጊዜ ትልቁ ቀበሮ ነው፣ እኔ ብዙውን ቀን አህያዋ ነበርኩ። ጌትነት የፊት ጥርሴን የሸረፈው ያኔ ነው፣ በድስት ክዳን።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ሁላችንም ወደ እርሻው እንወርድ ነበር። ሰሊጥ ሳይደርቅ ይታጨድና በነዶ ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ ጫፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ይቆማል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ፍሬው አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ካዘነበሉት እንደ ውሃ ይፈሳል። ከታች ያለው ዋልካ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፣ የወደቀውን ውጦ አይመልስም። ለዚህ ነው ልጅ ነዶው መሐል ድርሽ እንዳይል አባባ የሚያስጠነቅቁት። ይታየው ያን ዓመት የእኛ ሠራተኛ ነበር፣ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ በጎጃም አነጋገሩ «አንቺ ቀበሮ፣ ዛሬስ ማንን ነከስሽ?» እያለ የሚያስቀኝ። ቀበሮ ብሎ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ አባባ ዳሱ ሥር ጋደም ባሉበት፣ ጌትነት ፊልሙ ላይ እንዳለው ቀበሮ እጁን ዘርግቶ ነዶው መሐል ሮጠ። አንዱ ነዶ ሌላውን ገፋው፣ ያም ሌላውን፣ መስመሩ በሙሉ ተነጠፈ፤ ሰሊጡ ሽሽሽ እያለ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ቆሜ አየሁ። አባባ እየሮጡ ሲደርሱ ጌትነት ከንፈሩን አጣሞ፣ ልክ እንደ ቀበሮው፣ ውሃ ይዞ በአጠገቡ ወደሚያልፈው ሰው ጠቆመ። «ይታየው ነው!»

«ጋሼ፣ በእመብርሃን፣ እኔ አይደለሁም» አለ ይታየው።

አባባ የትራክተር ቺንጊያ፣ ያን ወፍራም የላስቲክ ቀበቶ፣ አንሥተው ፊቱ ላይ አሳረፉበት። «እኔ አይደለሁም» ባለ ቁጥር መቱት፣ በተመታ ቁጥር «እኔ አይደለሁም» አለ፤ ጀርባው ተተለተለ፣ ሸሚዙ ሥጋው ላይ ተጣበቀ። ሲንበረከክ ክላሻቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሰደፉ መንጋጋውን አሉት፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። ሠራተኞቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩ ነበር። እኔ «ጌትነት ነው! ጌትነት ነው የጣለው!» ብዬ ጮህኩ፤ አባባ ዞረው በጥፊ ሲያጠናግሩኝ አፌ አፈር ሞላ፣ ጆሮዬ ለሳምንት ጮኸ። ይታየውን በትራክተሩ ተጎታች ጭነው ወሰዱት። የዚያኑ ማታ ቤት ስንመለስ አባባ ጄነሬተሩን አስነሥተው ፊልሙን ከፈቱልን፣ መጀመሪያ የሳቀውም ጌትነት ነበር።

ከዚያ እኔ አደግኩ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሸሕዲ አንድ ሐጂ ሱቅ ተቀጠርኩ፣ ከሱዳን ሹፌሮች ጋር ስከራከር አረብኛውን ለመድኩት። ስለዚህ ያን ቀን ጌትነት ቤት አህያው አፉን ሲከፍት ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። ጥፋቴ ነው አይልም። ድገሙኝም አይልም። በአካፋ ሲመቱት፣ ጉድጓድ ሲከቱት፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ እኔ አይደለሁም።

አባባ አሁን ከጌትነት ጋር ነው የሚኖሩት፣ በዚያ ሰዓትም አልጋው ላይ ተደግፈው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይስቁ ነበር።

«አባባ፣ አህያው እኮ እኔ አይደለሁም ነው የሚለው» አልኳቸው።

«ታዲያ እንደሱ ብዬ ብነግራችሁ ማን ይስቅ ነበር?»

«ይታየውም እንደሱ ነበር ያለው። ሰሊጡን የጣለው ጌትነት ነው። ንገራቸው እንጂ፣ ጌትነት!»

ጌትነት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

አባባ አተኩረው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ አዲስ ወሬ ያመጣሽልኝ መስሎሻል? ዋልካው ላይ የሕፃን እግር ዱካ ነበር። ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ያን ሁሉ ሠራተኛ አቁሜ የገዛ ልጄን ልግረፍ? በማግሥቱ ማን ይፈራኝ ነበር?»

«እሺ፣ አሁንስ? ለደላሎቹ እሱ አልነበረም ይበሉልኝ። ሰውየው ሥራ አጥቷል።»

«በስተርጅናዬ ውሸታም ልባልልሽ?» አሉና ወደ ፊልሙ ዞሩ። አህያው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ የጌትነት ትልቁ ልጅ የእህቱን ጀርባ በቡጢ መታና «ድገሙኝ በይ!» አላት፤ ጌትነት በአፍንጫው ሳቀ፣ አባባም ሳቁ።

ቦርሳዬን አነሣሁ፣ የልጆቹን እግር ተሻግሬ ጫማዬን በር ላይ አጠለቅሁ።

«ምሳ ሳትበዪ?» አሉ አባባ ከኋላዬ።

መንገዱ ዳር የሸሕዲው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ሹፌሩ ጋቢናው ሞልቷል አለኝ፤ ከላይ፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጆንያው ላይ የተቀመጡ ሠራተኞች እጅ ዘረጉልኝ፣ ወጣሁ።