ከጃናሞራ ይዤው የመጣሁት ጓጉንቸር

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጎንደር፣ አራዳ

ሚኒባሱ «አንድ ሰው ብቻ ቀረው» ከተባለ ግማሽ ሰዓት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ አራት ሰው ጭኗል። ቦርሳዬ ውስጥ ጋቢ፣ ዳቦና አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት አለ። አሻንጉሊቱ የሥራ ዕቃዬ ነው። ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ ለገጠር ነርሶች በስልክ አስተምራለሁ፤ በየጠዋቱ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ እልክላቸዋለሁ።

ዛሬ የምሄደው ግን ለማስተማር አይደለም። ጃናሞራ ያለችው ተማሪዬ ሲስተር የሺ የጤና ጣቢያዋን ቁም ሣጥን ጓጉንቸር ሰብራ አምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ የሚጨመቀውን ማስተንፈሻ፣ በማውጣቷ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ከሥራ ልትባረር ትችላለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝና ብቻዋን አትቆምም።

3 ሰዓት፣ ደባርቅ

ሽሮ ዘጠና ብር፤ ሽሮው ቀጭን፣ ቃሪያው የሚፋጅ። ወደ ላይ የሚወጣ አይሱዙ አገኘሁ። ሾፌሩ አያ ደሳለኝ ነርስ በስልክ ይማራል ስላቸው ሳቁ፤ ልጃቸው በስልክ ከዘፈን በቀር የተማረው የለም አሉኝ። የየሺን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

«ምነው፣ ነፍስ የሚያድን ዕቃ ይቆለፍበታል?»

ጭጋግ፣ የደጋው ተክል ጅብራ፣ ጠጠር፣ ገደል። ኔትወርክ ጠፋ። የሺ ትምህርቷን የምታወርደው በየጠዋቱ ጉብታ ላይ ወጥታ ነው፤ ከዚያ ፎጣ እንደ ሕፃን ጠቅልላ ትለማመዳለች።

9 ሰዓት፣ ጤና ጣቢያው

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም። ዕቃው በስማቸው ተመዝግቧል፤ ከጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከነማሸጊያ ላስቲኩ ቆልፈውበት፣ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ወረዳ ስብሰባ ሄዱ። በዚያው ቀን ጥሩዬ የምትባል ወላድ መጣች። ምጧ ሲጠና የሺ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበረችው። ልጁ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ፤ እስኪያለቅስ ድረስ አስተነፈሰችው።

ኮሚቴው ገና ሳይወለድ ለምን እንደሰበረች ጠየቃት። ዕቃ አስቀድሞ ይዘጋጃል ብላ መለሰች። ኃላፊው «የስልክ ትምህርት ደግሞ ስልጠና ይባላል እንዴ? አዳራሽ የለው፣ ሰርተፍኬት የለው» ሲሉ ደሜ ፈላ። አሻንጉሊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ የሺ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርታ አሳየች።

ለምስክርነት የተጠራችው ጥሩዬ ልጇን አዝላ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ጌታዬ፣ ቁልፉን እርስዎ ይዘውት ሄዱ። ልጄ እስኪመለሱ ሊጠብቅዎ ኖሯል?»

ኮሚቴው ወደ የሺ ዞረ። በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቂና ይታለፍልሽ አሏት። እስክሪብቶ ተቀብላ ጻፈች፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፦ «የሰበርኩት እኔ ነኝ። ነገም ከተቆለፈ እሰብራለሁ።» ከሥሩ ፈረመች። ከሥራ ባትባረርም ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ኮራሁባት፤ አልደብቅም።

ጠረጴዛው ላይ የተሰበረውን የሚተካ አዲስ ጓጉንቸር ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ፣ ጎንደር

ቦርሳዬን ፈታሁ። አሻንጉሊቱ የለም፣ ለየሺ ትቼላታለሁ። በቦታው ያ አዲሱ ጓጉንቸር አለ፣ ከነቁልፉ። ኃላፊው ይህን ካነበቡ ሌላ ሰው እንዳይጠረጥሩ፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴውን ይጥሩ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።